«ከወጣ ዳነ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ፦ ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ ቤት ሲገባ

ያለ ቀናቸው ስለሚወለዱ ልጆች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በጎጃም ቤተሰቦች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ግን አያድግም። ሆስፒታል የሚጠቅመው ማሞቂያ ማሽን ስላለው ነው፤ እናት የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ገብታ ጀርም ከማስገባት በቀር ሥራ የላትም። ልጅን በደረት ማቀፍ ማሽን ያጣ የድሃ መላ ነው። ቤት ሲገባ በቡሉኮ ጠቅልሎ እሳት ዳር ማስተኛት ይበቃል። የእናቱ ወተት ስስ ስለሆነ የላም ወተትና ቅቤ ይታከልለት። ክትባቱ ኪሎ እስኪያነሳ ይቆይ። በመጨረሻም፣ ከሆስፒታል ከወጣ ዳነ፤ ቀጠሮ እየተባለ በብርድ አይንገላታ።

ጸሐፊው በቅን ልብ እንደጻፉት አልጠራጠርም። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ይጨናነቃል፣ አራሷ ወገቧ ሳይጠና ኮሪደር ላይ ታድራለች፣ የቤተሰቡ ጥሪት ያልቃል ማለታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ከምክሮቻቸው ሦስቱ፣ ማለትም የእሳቱ፣ የላም ወተትና ቅቤው፣ ቀጠሮ የመተዉ ነገር፣ ልጅ ይገድላሉ። ስለዚህ በየተራ መመለስ ግድ ሆነ።

«የሰባት ወር ያድጋል፣ የስምንት ወር አያድግም»

ይህን ጸሐፊው አልፈጠሩትም፤ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ አባባል ነው። እርግዝና ቀኑ ሞላ የሚባለው 37 ሳምንት ሲደፍን ነው። ከዚያ በፊት በማህፀን የምታልፍ እያንዳንዷ ሳምንት ለልጁ ትርፍ ናት። የሳንባ ከረጢቶች ትንፋሽ በወጣ ቁጥር እንዳይጣበቁ የሚያደርገው ፈሳሽ በበቂ መጠን የሚገኘው ከ34 ሳምንት ወዲህ ነው። መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን አንድ ላይ ማስኬድም ከ32 እስከ 34 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀምራል። በ35 ሳምንት የተወለደ (የስምንት ወር የሚባለው) ልጅ በ30 ሳምንት ከተወለደው (የሰባት ወር ከሚባለው) የተሻለ ዕድል እንዳለው ከዚህ ይታያል።

ታዲያ አባባሉ ለምን ጸና? ሁለት ነገር ይታየኛል። አንደኛው የቆጠራ ስሕተት ነው። ቀኑ ሞልቶ ግን ከስቶ የተወለደ ልጅ ትንሽነቱ ታይቶ «የሰባት ወር ነው» ይባላል፤ ሳንባው የበሰለ ስለሆነ ያድጋል፣ ምስጋናውን ግን ሰባት ወር ይወስደዋል። ሁለተኛው ይብሳል። የስምንት ወር ልጅ ሲያዩት የደረሰ ይመስላል። ድምፅ አውጥቶ ያለቅሳል፣ 2 ኪሎ ከምናምን ይመዝናል፣ ስለዚህ እንደ ማንኛውም ልጅ ይያዛል። እሱ ግን ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ጡት ላይ ሁለት ሦስቴ ስቦ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ዓይኑ ቢጫ ይሆናል። የተለየ እንክብካቤ እያስፈለገው ሳያገኝ ይቀርና «የስምንት ወር እኮ ነው» ተብሎ ይለቀሳል። «አያድግም» ለተባለ ልጅ ማን ሌሊት ተነሥቶ ወተት ይሰጠዋል?

«እናት እዚያ ገብታ ምን ትሠራለች?»

ከማንም የማይገኝ መድኃኒት ታመጣለች፤ እንገርን። ልጁ መጥባት ባይችልም በአፍንጫው በገባ ቀጭን ቱቦ ይሰጠዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንድ ጊዜ የሚወጣው 2 ወይም 3 ሚሊ ሊትር ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህ ማነስ አይደለም፤ የልጁም ጨጓራ የሚችለው ያንኑ ያህል ነው።

ማለብ የሚጀመረው ከተቻለ ከወሊድ በኋላ ባለችው የመጀመሪያ ሰዓት፣ ቢዘገይ ግን በ6 ሰዓት ውስጥ ነው። በቀንና ሌሊት ቢያንስ 8 ጊዜ ይታለባል፣ ሌሊቱም አይዘለልም። እጅ በሳሙና ይታጠባል። አውራ ጣት ከጡቱ ጥቁር ክብ ጠርዝ በላይ፣ ሌባ ጣት በታች ይሆናሉ። መጀመሪያ ወደ ደረት ገፋ፣ ቀጥሎ ጣቶቹን ማገናኘት፣ ከዚያ መልቀቅ ነው። ጫፉን መጎተት ያቆስላል እንጂ ወተት አያመጣም። በአንዱ ጡት 5 ደቂቃ ያህል ታልቦ ወደ ሌላው ይዞራል፣ ተመልሶም ይደገማል፤ በጠቅላላው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። በቀን 3 ጊዜ ብቻ የታለበ ጡት ወተቱ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ምክንያቱም ጡት ወተት የሚሠራው በተወሰደበት ልክ ነው። «ወተት የላትም» ከሚባሉት አራሶች የብዙዎቹ ችግር ይህ ነው።

የታለበው በተቀቀለ ክዳን ባለው ዕቃ ተይዞ ስምና ሰዓት ይጻፍበታል፤ ፍሪጅ ከሌለ ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይም። ጀርሙን በተመለከተ መልሱ እናቲቱን ውጭ ማስቀረት አይደለም። ጥፍር ይቆረጥ፣ ቀለበትና አምባር ይውለቅ፣ እጅ እስከ ክርን ይታጠብ።

ደግሞም እናት ካልገባች የልጁን ነገር ማን ይከታተላል? አንዲት ደብተር ይዛ በየቀኑ አራት ነገር ትጠይቅ፦ ዛሬ ስንት ግራም ሆነ? በአንድ ጊዜ ስንት ሚሊ ሊትር ወሰደ? ሙቀቱ ስንት ነው? ኦክስጅን ላይ ነው ወይስ ወርዷል? በመጀመሪያው ሳምንት ከተወለደበት ክብደት እስከ 10 ከመቶ ሊቀንስ እንደሚችልና ብዙውን ጊዜ በ2 ሳምንት ገደማ እንደሚመልሰው የምታውቅ እናት፣ ሚዛኑ ሲወርድ «ልጄ ቀለጠ» ብላ ተስፋ አትቆርጥም። ቤተሰቡም አጥሚቱንና ገንፎውን ሲያመላልስ አንድ ሰው በተራ ይተካትና ሁለት ሦስት ሰዓት ትተኛ።

«የድሃ መላ ነው»

አጀማመሩን ካየን በእርግጥ ከእጥረት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ኤድጋር ሬይ የሚባሉ ሐኪም ማሞቂያ ማሽን ሲያጥርና ልጆች በኢንፌክሽን ሲያልቁ እናቶች ልጆቻቸውን በደረታቸው እንዲይዙ አደረጉ። የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው ይህ ነው። ግን እዚያ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች ከ1000 እስከ 1799 ግራም የሚመዝኑ 3211 ሕፃናት ተወዳደሩ። ወዲያው እንደተወለዱ ደረት ላይ ከዋሉት ውስጥ በ28 ቀን የሞቱት 12 ከመቶ፣ መጀመሪያ ማሽን ውስጥ እስኪረጋጉ ከተጠበቁት ደግሞ 15.7 ከመቶ ሆኑ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው መመሪያም ያለ ቀናቸው ለተወለዱ ሁሉ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ደረት ላይ መዋልን ይመክራል። ማሽን ላላቸው አገሮችም ጭምር ነው።

አስተሳሰሩ መታወቅ አለበት፤ እንዲሁ ማቀፍ አይበቃም። ልጁ ኮፍያ፣ ካልሲና ዳይፐር ብቻ ይለብሳል፤ ዳይፐር ከሌለ ለስላሳ ጨርቅ ይሆናል። በሁለቱ ጡቶች መካከል ቀጥ ብሎ ደረቱ ከእናቱ ደረት ይገጥማል። እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ተከፍተው ይታጠፋሉ። ራሱ ወደ ጎን ዞሮ ጥቂት ቀና ይላል፤ የአየር ቧንቧው ገና ለስላሳ ስለሆነ አገጩ ደረቱ ላይ ከተደፋ ትንፋሹ ይዘጋል። ከዚያ የታጠፈ ነጠላ በላዩ ይዞርና ይታሰራል፣ የላይኛው ጠርዝ ጆሮው ሥር ይውላል። ነጠላው ጠበቅ የሚለው በልጁ ደረት በኩል ነው። ሆዱ ላይ ላላ ይላል፣ የሚተነፍሰው በሆዱ ነውና። ከመቀመጫው በታች መቀነት ቢዞር እንዳይንሸራተት ይደግፈዋል። እናቲቱ ስትነሣ ልጁ ካልወረደና ፊቱ ወለል ብሎ ከታያት አስተሳሰሩ ልክ ነው።

ሌሊት ጀርባዋ በትራስ ተደግፎ ከፊል ቀና ብላ ትተኛለች፤ ከግድግዳ የተያያዘ መደብ ለዚህ ይመቻል። ስትታጠብ ወይም ስትደክም አባትየው ወይም አያቱ ይተኳታል፤ የወንድ ደረትም ያሞቃል። ይህ የሚቀጥለው ልጁ 2500 ግራም እስኪደርስ ወይም እየተንፈራገጠ አልታሰርም እስኪል ነው። አንቀልባና ማዘል ግን አንገቱ እስኪጠና ይቆዩ።

«በቡሉኮ ጠቅልሎ እሳት ዳር»

ቡሉኮ ሙቀት አይወልድም፣ ያገኘውን ይጠብቃል እንጂ። ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ ቆዳው ስስ ነው፣ ከቆዳው ሥር ስብ የለውም፣ ለክብደቱ ሲታይ ለብርድ የተጋለጠው ገላው ብዙ ነው። በራሱ የሚያመነጨው ሙቀት ትንሽ ስለሆነ ለብቻው የተጠቀለለ ልጅ ቡሉኮው ውስጥ ሆኖ ይቀዘቅዛል። በስናን ወይም በቢቡኝ ወረዳ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ባለ ቤት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ይህ ሲሆን ማንም ሳያውቅ ይነጋል። ቡሉኮው ጥሩ ነው፣ ግን ቦታው ልጁ ከታሰረበት ደረት ውጭ፣ በእናቲቱ ትከሻ ላይ ነው።

እሳቱ ደግሞ ሦስት አደጋ አለው። የማገዶ ጭስ ገና ያልበሰለውን ሳንባ ያቆስላል። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ይለቅና እናትና ልጅን አንድ ላይ ያስተኛል። ቃጠሎም አለ፤ ለእኛ ለብ ያለ የሚመስለን በጠርሙስ የተሞላ ውኃ የእሱን ቆዳ ይልጠዋል። ቤቱን ማሞቅ ካስፈለገ እሳቱ ልጁ በሌለበት ይንደድ፣ ጭሱ ይውጣ፣ ከሰሉም ከቤት ይውጣ፣ ከዚያ ልጁ ይግባ። ምግቡ ማድ ቤት ይሠራ፤ እናቲቱ ልጁን ታጥቃ ምድጃ ላይ አትጎንበስ።

የብብት ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መሆን አለበት። ዲጂታል ቴርሞሜትር ፋርማሲ ይገኛል፤ ከአንድ የሕፃን ልብስ ይልቅ እሱ ይገዛ። እሱ ከሌለ እግሩንና ሆዱን መንካት ነው። እግሩ ቀዝቅዞ ሆዱ ከሞቀ ብርድ እየጀመረው ነው፤ ሁለቱም ከቀዘቀዙ ደረት ላይ አድርጎ ወደ ጤና ተቋም መገስገስ ነው።

ሌላም አለ። ከዓይንና ከብርድ እንጠብቀው ተብሎ ፊቱን በነጠላ መሸፈን የተለመደ ነው። ይህ ልጅ ግን አፍንጫው ላይ የወደቀውን ጨርቅ ራሱን አዙሮ ማምለጥ አይችልም። ከሰው ዓይን መጠበቅ የፈለገ ጠያቂውን ደጅ ያስቀር። ጉንፋን ያለበት እንግዳ ስለማይገባ ይህ በሕክምናም ይደገፋል።

ክርስትናውም አይረሳ። በ30 ሳምንት የተወለደ ወንድ ልጅ 40 ቀን ሲሞላው ገና 36 ሳምንት አልደፈነም፤ በማህፀን መሆን የነበረበት ነው። ለንስሐ አባት አስቀድሞ ነግሮ ሥርዓቱ በዝግታና በብርድ እንዳይረዝም መማከር ነውር የለውም። ከውኃው እንደወጣ ራሱ በደረቅ ፎጣ ይድረቅ፣ ኮፍያ ይልበስ፣ ወዲያው ደረት ላይ ይታሰር።

«ወተቷ ስስ ነው፣ የላም ወተትና ቅቤ ይታከል»

መጀመሪያ የሚወርደው ወተት ቀጠን ይላል፣ እየታለበ ሲሄድ ስቡ እየበዛ ይወፍራል። በእጇ የመጀመሪያውን ብቻ አይታ «ስስ ነው» የምትል እናት ወፍራሙን ጡቷ ውስጥ ትታዋለች ማለት ነው። ደግሞም ያለ ቀኗ የወለደች እናት ወተት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሌላዋ እናት የበለጠ ፕሮቲን አለው። የላም ወተት የጥጃ ነው፤ ጨውና ፕሮቲኑ ለልጁ ኩላሊት ይከብዳል፣ አንጀቱን ያደማል፣ የብረት ማዕድኑም ጥቂት ነው። በውኃ ሲቀጠን ደግሞ ጉልበቱ ይጠፋል። ከሁሉ የሚያስፈራው የአንጀት መቁሰል በሽታ ነው። ሆድ ይነፋል፣ ትውከቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሰገራው ደም ይቀላቅላል፤ ልጁ በአንድ ቀን ሊያልፍ ይችላል። ከእናት ጡት ሌላ ወተት የሚሰጣቸው ልጆች ላይ ይህ በሽታ ይበዛል። ቅቤ ደግሞ ትንታ ሆኖ ሳንባ ይገባል፣ ሳንባም የገባውን ቅባት በሳል ጠርጎ ማውጣት አይችልም። የስኳር ውኃም ሆነ የአብሽ ውኃ ሆዱን ሞልቶ የወተቱን ቦታ ከመውሰድ በቀር ፋይዳ የለውም። አብሹን እናቲቱ ትጠጣው።

ስንት ይበቃዋል? ከ2ኛው ሳምንት ወዲህ ለያንዳንዱ ኪሎ በቀን 160 ሚሊ ሊትር ያህል ብለን እናስላ። 1800 ግራም የሆነ ልጅ 288 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በየ2 ሰዓቱ ከተሰጠው በአንድ ጊዜ 24፣ በየ3 ሰዓቱ ከሆነ 36 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ባለ 10 ሲሪንጅ ገዝታችሁ 24ቱን አንድ ጊዜ ቡና ሲኒ ውስጥ ለኩና የት እንደሚደርስ በዓይናችሁ ያዙት። ክብደቱ በጨመረ ቁጥር ልኩ እንደገና ይሰላል፤ ባለፈው ሳምንት ልክ መቆየት ከሚያከሱት ነገሮች አንዱ ነው። ይህ ልጅ ሲርበው አያለቅስም፣ ይተኛል። ስለዚህ የሚቀሰቅሰው ሰዓት ነው፤ ስልክ ላይ ማንቂያ ይሞላ።

ሲኒ ከጡጦ ይሻላል። ታጥቦ ይቀቀላል፣ የሚደበቅ ቆሻሻ የለውም፣ ፍጥነቱንም ልጁ ራሱ ይወስናል። አሰጣጡ እንዲህ ነው፦ ልጁ ነቅቶ ጭን ላይ ከፊል ቀና ብሎ ይቀመጣል፣ ማጅራቱ በእጅ ይደገፋል። የሲኒው ከንፈር የልጁን የታች ከንፈር ቀስ ብሎ ይነካል፣ ወተቱ ከንፈሩ ድረስ ብቻ እንዲመጣ ያዘነብላል። አይፈስበትም። ጥቂት ሲቆይ ምላሱ ትወጣና ወተቱን እንደ ድመት ግልገል ትልሳለች። ይውጣል፣ ያርፋል፣ ይደግማል። ሲያርፍ ሲኒው ባለበት ይቆያል እንጂ አይቸኮልበትም። ቢያስለው፣ ከንፈሩ ቢጠቁር ወይም ትንፋሹ ቢቆራረጥ ይቆማል። ከ30 ደቂቃ በላይ አይሄድም፣ ከዚያ በኋላ ከምግቡ ከሚያገኘው ጉልበት ይልቅ ሲመገብ የሚያቃጥለው ይበዛል። ጡት ላይ መጀመርም የሚቻለው ከዚሁ ጋር እያጣመሩ ነው፤ መጀመሪያ ጡት ይሞክር፣ የቀረውን በሲኒ ይሙላ።

እናቱ የሞተችበት ወይም ማጥባት የማትችልለት ልጅ ካለ የሚሰጠው ሐኪም የመረጠለት የሕፃናት ዱቄት ወተት ነው። በፈላ ውኃ፣ በጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ፣ በሲኒ ይሰጠዋል። ለማብቃቃት ማቅጠን ረሃብ ነው።

«ክትባቱ ኪሎ እስኪያነሳ ይቆይ»

አይቆይም። ክትባት የሚቆጠረው ከተወለደበት ቀን ነው፦ በ6፣ በ10ና በ14 ሳምንት። ትክትክና የሳንባ ምች ቀድመው የሚገድሉት ትንሹን ነው። ሲወለድ የሚሰጡት ቢሲጂና የፖሊዮ ጠብታ ሆስፒታል ሳለ መሰጠታቸውን ካርዱ ላይ አይታችሁ ውጡ።

«ከወጣ ዳነ»

ልጁ የሚወጣው ከማሽን ውጭ ሙቀቱን ሲጠብቅ፣ በአፉ ሲመገብና ለተከታታይ ቀናት ኪሎ ሲጨምር ነው። ሆስፒታሉ ያደርግለት የነበረው ሥራ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ እናቱ ቤት ይዛወራል። ቀጠሮ የሚያስፈልገው ሥራው እየተሠራ መሆኑን የሚናገር ሚዛን ስለሚፈልግ ነው። በቀን ለያንዳንዱ ኪሎ 15 ግራም መጨመር አለበት፤ የ1800 ግራሙ ልጅ በሳምንት 190 ግራም ገደማ ይጨምራል ማለት ነው። ይህን በዓይን ማየት አይቻልም። የመንጠልጠያ ሚዛንም አያሳይም፤ ጤና ጣቢያ ያለው ዲጂታል ሚዛን ያስፈልጋል፣ ልጁ ራቁቱን፣ በየጊዜው በዚያው ሚዛን ላይ። የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ልጁ ቤት መግባቱን ከመጀመሪያው ቀን ትወቅ።

ጨርሶ የማይታለፍ አንድ ቀጠሮ አለ፤ የዓይን። ከ32 ሳምንት በፊት ወይም ከ1500 ግራም በታች ሆኖ የተወለደ ልጅ፣ በተለይም ኦክስጅን ላይ የቆየ፣ በዓይኑ ውስጠኛ ሽፋን ላይ የሚያድጉት የደም ሥሮች ተዘባርቀው ሊታወር ይችላል። ከውጭ ሲያዩት ዓይኑ ጤነኛ ነው፣ ምንም ምልክት የለውም። በተወለደ በ4ኛው ሳምንት ገደማ በዓይን ሐኪም ታይቶ ከተያዘ በሌዘር ይታከማል፤ ሁለትና ሦስት ወር ከዘገየ ግን አይመለስም። ስትወጡ ማንም ባይነግራችሁ እንኳ ሪፈር ጠይቁ። መስማቱም ይመርመር። ከ2ኛው ሳምንት እስከ 6 ወር ድረስ በቀን በኪሎ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ግራም የብረት ጠብታ፣ ከእሱም ጋር ቢያንስ 400 ዩኒት ቫይታሚን ዲ ያስፈልገዋል። ልኩን ሐኪሙ ወረቀት ላይ ይጻፍላችሁ።

ቀጠሮ ሳይጠበቅ የሚሮጥባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ አልበላም ካለ። በአንድ ደቂቃ 60 ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ (ሙሉ ደቂቃ ይቆጠር፣ ትንፋሹ እኩል አይደለምና)። የደረቱ ሥር ከተሰረጎደ። ሙቀቱ ደረት ላይ አንድ ሰዓት ታስሮ ከ36.5 አልወጣ ካለ፣ ወይም ከ37.5 ካለፈ። ካንቀጠቀጠው፣ ከተዝለፈለፈ፣ መዳፉና እግሩ ቢጫ ከሆነ፣ ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ። ትንፋሹን 20 ሴኮንድ ካቆመ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ እዚያው ጀርባውንና የእግሩን መዳፍ ማሸት፣ ራሱን ቀና ማድረግ፣ ከተመለሰም በኋላ ይዞ መሄድ ነው። «ተሻለው» ብሎ ማደር የለም።

ሲኬድም ደረት ላይ ታስሮ ነው፣ በአምቡላንስም በሚኒባስም ሆነ በቃሬዛ። ከድጓ ፅዮን ደብረ ማርቆስ ድረስ ማሽን የሌለው መኪና ውስጥ ማሽኑ እናቲቱ ናት። ከመነሣት በፊት መዋጥ ከቻለ ይመገብ። የመውጫ ወረቀቱ፣ የክትባት ካርዱ፣ ደብተሩና የጤና መድን መታወቂያው በአንድ ፌስታል በር አጠገብ ይሰቀሉ፣ በሌሊት እንዳይፈለጉ። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ መጀመሪያ የሚነገረው «ልጁ ታሟል» አይደለም፦ በስንት ሳምንት ተወለደ፣ አሁን ስንት ቀኑ ነው፣ መጨረሻ የተመዘነው ስንት ነበር፣ መጨረሻ የበላው በስንት ሰዓት ነው። «በ31 ሳምንት የተወለደ፣ 26 ቀኑ፣ ከ6 ሰዓት ጀምሮ አልበላም» ያለች እናት ወረፋ ላይ አትቆምም።